የወንጌል «ምሳሌ» ምንድን ነው?

አጎቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ ያስተምራል። አገልጋዮቹ «እንንቀለው ወይ?» ሲሉ የእርሻው ባለቤት «ተዉት፣ እስከ መከር አብሮ ይደግ» ያለበት ቦታ ላይ ደረሰ። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ ሰውዬስ አርሶም አያውቅ!» አሉኝ።

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁላችንም በደንብ የሰሙት እሳቸው ነበሩ።

ጎጃም ውስጥ አረም ቀልድ አይደለም። ጤፍ ካልታረመ ጤፍ አይሆንም። ሥራው ሲበዛ ደቦ ይጠራል፤ ልጅ አዋቂው ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይውላል። እንክርዳድ ደግሞ የባሰ ነው። ዘለላው እስኪወጣ ድረስ ስንዴ ይመስላል። ከእህል ጋር ተፈጭቶ ከተበላ ራስ ያዞራል። እንግዲህ ጌታ ይህን ታሪክ የነገራቸው ሰዎችም እርሻን የሚያውቁ ነበሩ። እነሱም እንደ አጎቴ «እንዴት ተብሎ?» ሳይሉ አልቀሩም። ምሳሌው ሥራውን የሚጀምረው እዚያ «እንዴት?» ላይ ነው።

ቃሉን እንየው። አማርኛ «ምሳሌ» ላይ ብዙ ጭኖበታል። «ለምሳሌ» ስንል ማሳያ ልንሰጥ ነው። «ተረትና ምሳሌ» ስንል አባባል ነው። የሰሎሞን መጽሐፈ ምሳሌም አለ። ሥሩ «መሰለ» ነው፤ የዕብራይስጡ «ማሻል» የዚያው ዘመድ ነው። ወንጌሎቹ የተጻፉበት ግሪክ ደግሞ «ፓራቦሌ» ይለዋል፤ አንዱን ነገር ከሌላው ጎን ማስቀመጥ እንደማለት። የወንጌሉ ምሳሌ እንግዲህ ከኑሮ የተወሰደ አጭር ታሪክ ነው፤ ዘር፣ እርሾ፣ ዕዳ፣ ሰርግ፣ የጠፋ በግ። የእግዚአብሔር መንግሥት ከዚያ ታሪክ ጎን ይቀመጣል። እንደ አቆጣጠሩ ከ30 በላይ ናቸው። የሚገኙትም በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ነው፤ ዮሐንስ ውስጥ የዚህ ዓይነት ታሪክ የለም ማለት ይቻላል።

የቅኔ ቤቶቹ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጊዮርጊስ አገር ሰው ይህን ሲሰማ «ሰምና ወርቅ ነዋ!» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ግን እስከ ግማሽ መንገድ። በቅኔ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ሥራውን ጨረሰ። በምሳሌ ግን ሰሙን ቶሎ ካቀለጥነው ወርቁም አብሮ ይፈሳል። «ትርጉሙ ትዕግሥት ነው» ብለን ከዘጋነው ስለ እንክርዳዱ ምን ተረዳን? ባለቤቱ ምክንያቱን ተናግሯል፤ እንክርዳዱን ስትለቅሙ ስንዴውንም አብራችሁ ትነቅሉታላችሁ አለ። ሥሩ ተጠላልፏል። እኛ ደግሞ ሰው ለማረም ስንነሣ ገና በቡቃያው ነው። ያኔ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የወይን አትክልቱ ሠራተኞች ምሳሌ ነው፤ ማቴዎስ 20 ላይ ያለው። ባለቤቱ ማለዳ ይወጣል፤ ሠራተኛ በቀን አንድ ዲናር ይቀጥራል። በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ ሌሎችን ይጨምራል። በመጨረሻ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ፈረንጅ አንባቢ አሥራ አንደኛው ሰዓት ስንት እንደሆነ ማስላት አለበት። ለእኛ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፣ አንድ ሰዓት ቀርቷል።

ባሕር ዳር ጠዋት የቀን ሥራ ፈላጊዎች የሚቆሙበትን ጥግ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚለቅመው ጎበዙን፣ ትከሻው ሰፋ ያለውን ነው። ታዲያ እስከ አሥራ አንድ የሚቀረው ማነው? «ስለ ምን ሥራ ፈትታችሁ ትቆማላችሁ?» ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ የሚቀጥረን አጣን። እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቢገቡ ቤታቸው ራት የለም። ባለቤቱ ለእነሱም ሙሉ ዲናር ሰጠ። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የዋሉት አጉረመረሙ። እውነቱን ልናገር፣ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ከአጉረምራሚዎቹ ጋር ነው። ፌር አይደለማ! ግን ማንም አልተበደለም፤ የተስማሙባትን ዲናር ተቀብለዋል። ያበሳጫቸው የጎረቤታቸው እጅ መሙላት ነው። ይህን በራሴ ላይ ሳየው አልወደውም።

የመክሊቱ ምሳሌም አለ፤ ጌታው ለአገልጋዮቹ መክሊት አደራ ሰጥቶ ሲሄድ አንዱ የተቀበለውን መሬት ቆፍሮ የቀበረበት። ዛሬ «መክሊቴን አገኘሁ» ስንል ተሰጥኦ ማለታችን ነው። በጥንቱ ግን የብር ሚዛን ነው፤ አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል፣ ማለትም የቀን ሠራተኛ የ20 ዓመት ደመወዝ ገደማ። ስለዚህ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ምስኪን አልነበረም፤ የቀበረው ሀብት ነው። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር፣ ደግ አገልጋይ፣ የሚባለው በዚህ ምሳሌ ነው። የስንፍናው ነገር ብዙ ጊዜ ይሰበካል። ሰውየው ራሱ ያቀረበው ምክንያት ግን ፍርሃት ነው፤ ጌታው ጨካኝ እንደሆነ አስቦ ነበር። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ስለ ጌታው የያዘው ሐሳብ ነው።

ሌላም የመክሊት ሒሳብ አለ። ማቴዎስ 18 ላይ አንዱ 10,000 መክሊት ዕዳ ይማርለታል። የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ነው፤ ሰሚው ሳይስቅ አይቀርም። ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልደረባውን ጉሮሮውን ያንቀዋል። መቶውን እንደ ሽርፍራፊ የሚያወሩት አሉ። አይደለም። የሦስት ወር ደመወዝ ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። የበደለን ሰው ዕዳ እውነተኛ ዕዳ ነው። ይቅር ሲባል ይቆረቁራል።

የእርሾዋን ታሪክ እንጀራ ለሚጋግር ሰው ማብራራት ድፍረት ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ሴትዮዋ እርሾ የጨመረችበት ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ወደ 40 ሊትር ይጠጋል፣ ያቺ ሴት ለድግስ ነበር የምታቦካው። ከዘር ሁሉ ታንሳለች የተባለችውን የሰናፍጯን ትንሽነት ደግሞ ጤፍ ከሚዘራ ሰው ፊት ባናነሣ ይሻላል።

አጎቴ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስለ እንክርዳዱ እያጉረመረሙ ነበር። ከዚያ ድንገት «የዚያ ታላቅ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ሉቃስ 15 ላይ የጠፋው ልጅ ተመልሶ ፍሪዳ ታረደለት፣ ዘፈን ቀለጠ። ቤቱን ሳይለቅ ሲያርስ የኖረው ታላቁ ከእርሻ ሲመለስ ተቆጥቶ ደጅ ቀረ። አባትየው ወጥቶ ለመነው። «መልሱ አልተጻፈም» አልኳቸው።

«አልገባም?»

«አልተጻፈም።»

ዝም ብለው ትንሽ ሄዱ። እሳቸውም ታላቅ ልጅ ናቸው።