የአስማት ዋጋ ምንድን ነው?

አምስት ሰዎች አንድ ታሪክ በጋራ እየጻፉ ነው እንበል። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገጸ ባሕርይ አላቸው፤ ተራ በተራ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው የሚና ጨዋታ ይባላል። ታሪኩ ጠላት ከያዘው ምሽግ በር ላይ ደርሷል። ሰይፈኛው በጨለማው ውስጥ አድፍጧል። ሌባዋ ሦስት ሌሊት በግንቡ ጥግ ተደብቃ የጠባቂዎቹን ወሬ ስታዳምጥ ሰንብታለች። ተራው የአስማተኛው ሆነና የገጸ ባሕርዩ ባለቤት የሆነው ተጫዋች እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እጄን አነሣሁ። የምሽጉ ጠባቂዎች በሙሉ አመድ ሆኑ።»

ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ምን ይጻፉ? ሰይፍ የሚመዘዝበት ጠላት የለም። የሦስቱ ሌሊት ወሬም ለማንም አይጠቅምም። አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር የአራት ሰዎችን ድካም ከንቱ አስቀረችው።

የአስማት ዋጋ ማለት ገጸ ባሕርዩ አስማት በሠራ ቁጥር የሚከፍለው፣ የሚያጣው ወይም ለአደጋ የሚያጋልጠው ነገር ነው። ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ የማይገኝ ቅመም፣ ጉልበት፣ ትዝታ ወይም ለሌላ ኃይል የተገባ ቃል ሊሆን ይችላል። ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ሁሉም ነገር በእጁ ስለሆነ ኃይለኛውን አስማተኛ በፈለገበት ቦታ ሊገታው ይችላል። በሚና ጨዋታ ግን ብዕሩ በአምስት እጅ ነው። አንዱ ያልከፈለውን ዋጋ የሚከፍሉት ሌሎቹ ናቸው።

ጨዋታ ፈጣሪዎች ይህን ገና ከጅምሩ ተረድተውታል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሲወጣ፣ ጀማሪው አስማተኛ በቀን የነበረው ድግምት አንድ ብቻ ነበር። ድግምቱን አስቀድሞ ያጠናዋል፤ ከተጠቀመበት በኋላ ከአእምሮው ይጠፋል፤ እንደገና ማጥናት አለበት። ሐሳቡ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከጃክ ቫንስ ሥራዎች የተወሰደ በመሆኑ «የቫንስ አስማት» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አብሮት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ደንቡ ላላ ብሏል። ቢሆንም ዊዛርድ የተባለው አስማተኛ በመጀመሪያ ደረጃው፣ ጥቃቅኖቹን ድግምቶች ሳይጨምር፣ ሁለት ድግምት ከሠራ በኋላ ኃይሉ በሙሉ የሚመለስለት ስምንት ሰዓት ካረፈ ነው።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የምወደው ፋየርቦል (የእሳት ኳስ) የተባለውን ድግምት ነው። ዊዛርዱ አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ ያገኘዋል። ለመሥራት ከሌሊት ወፍ ኩስና ከድኝ የተድቦለቦለች ትንሽ እንክብል ያስፈልገዋል። እሳቱ ካረፈበት ነጥብ ዙሪያውን ስድስት ሜትር ያህል ያዳርሳል፤ ወዳጅና ጠላትም አይለይም። እዚህ ላይ ትልቁ ዋጋ እንክብሏ አይደለችም። አስማተኛው ከመወርወሩ በፊት ሰይፈኛው የት እንደቆመ ማወቅ አለበት፤ «ዘወር በል!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ ሰይፈኛውም ዘወር ላለማለት ይችላል። በአንዱ ድግምት ውስጥ ሁለት ሰዎች መነጋገር ጀመሩ። ጥሩ ዋጋ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ስንፈጥር «ምን ያህል ኃይል አለው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ኃይሉን ከየት አገኘው?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። በዚያው ጨዋታ ዊዛርድ ኃይሉን በትምህርት ያገኛል፣ ሶርሰረር ይዞት ይወለዳል፣ ዋርሎክ ደግሞ ከኃያል ፍጡር ጋር ውል ይገባል። ዊዛርዱ ድግምቱን የሚያጠናበት መጽሐፍ ከተሰረቀበት ይቸገራል። ዋርሎኩ ባለዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ አንድ ቀን ጠያቂው በር ያንኳኳል።

ከራሳችን ቋንቋም የሚቀዳ ብዙ ነገር አለ። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው። ኃይሉ ያለው ስምን በማወቅ ላይ ነው የሚል እምነት ቃሉ ራሱ ተሸክሞ ይዞራል። ደብተራ በብራና የሚጽፈው ክታብም በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ የክርስትና ስሙም ይጻፍበታል። ለአንዱ የተለካ ለሌላው አይሆንም። ከዚህ የተሻለ ገደብ ያለው ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል? ድግምቱ የሚሠራው ስሙን በጻፈለት ሰው ላይ ብቻ የሆነ ክታብ ጸሐፊ አስቡ። ሰይፈኛውን ከጦር ሊከልለው ቢፈልግ ቁመቱን መለካት፣ እውነተኛ ስሙንም መጠየቅ አለበት። ሰይፈኛው ስሙን ይሰጠዋል? የሚወስነው የሰይፈኛው ባለቤት ነው። በእርግጥ ይህ ዛሬም ሰዎች የሚያምኑበትና የሚጸልዩበት ነገር ስለሆነ፣ እኔ አወቃቀሩን እዋሳለሁ እንጂ ጸሎቶቹን ወደ ጨዋታ አላመጣም።

ዋጋ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። «አስማት ሲሠራ ይደክመዋል» የሚለው በጣም የተለመደው ነው፤ በሚቀጥለው አንቀጽ ይሮጣልና። በተቃራኒው፣ በእያንዳንዱ ድግምት አሥር ዓመት ዕድሜ የሚያጣ አስማተኛ ከፈጠርን፣ ባለቤቱ አንድም ጊዜ ሳይጠቀምበት ታሪኩ ያልቃል።

በጽሑፍ በሚደረግ ጨዋታ አንድ ደንብ ይጨመራል፦ ሙከራህን ጻፍ፣ በሌላው ገጸ ባሕርይ ላይ የሚደርሰውን ግን ለባለቤቱ ተውለት። «በመብረቅ መታሁት፤ ወደቀ» ሳይሆን «መብረቁን ወደ እሱ ላክሁ» ይባላል። እንካ ስላንቲያ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ «እንካ ስላንቲያ» ያለው ልጅ «በምንቲያ» እስኪባል ይጠብቃል፤ የሌላውን መልስ ራሱ አይናገርም።

ወደ ምሽጉ በር እንመለስ። አስማተኛውን በክታብ ጸሐፊው እንተካው፤ ባለቤቱ እንዲህ ይጻፍ፦

«ብራናዬን ዘረጋሁ፤ የቀረችኝ አንዲት ቁራጭ ናት። አንዱን ጠባቂ ማስተኛት እችላለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም። ከእናንተ የሚያውቅ አለ?»

ተራው የሌባዋ ነው።

«ረጅሙን አውቀዋለሁ» አለች። «በሁለተኛው ሌሊት ሰክሮ ሲያለቅስ እናቱ ያወጣችለትን ስም ሲናገር ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ግን ንገረኝ፤ ከእንቅልፉ ይነቃል?»