የቢዜን የአበባ ማስቀመጫ፦ ቀለም ያልነካው ሸክላ

በምዕራብ ጃፓን፣ በኦካያማ ግዛት ውስጥ፣ ቢዜን የምትባል ከተማ አለች። ኢንቤ የከተማዋ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ናት። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የጡብ ጭስ ማውጫዎች ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። አማትሱ የተባለው የሰፈሩ መቅደስ እንኳ በሸክላ ያጌጠ ነው፤ መግቢያውን የሚጠብቁት የአንበሳ መሰል አውሬዎች ምስሎች እዚያው ተሠርተው የተተኮሱ ናቸው። ኢንቤና አካባቢዋ ሸክላ ሲተኮስባቸው ከ800 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የቢዜን ዕቃ ቀለም አይቀባም፣ ሥዕል አይሣልበትም፤ እንደ ሲኒ የሚያብለጨልጭ መስታወታማ ልባስም የለውም። ላዩ ላይ የሚታየው ሁሉ የአፈሩ፣ የእሳቱና የአመዱ ሥራ ነው። አንድን የቢዜን የአበባ ማስቀመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሸካራና ቡናማ፣ ምናልባትም ተሠርቶ ያላለቀ ዕቃ ሊመስለው ይችላል። ቀርቦ ሲያየው ግን በአንዱ ትከሻው ላይ አመድ ቀልጦ ወርቅማ ሆኖ የፈሰሰበትን፣ በሌላው ጎኑ ግራጫው ወደ ሰማያዊ የሚያደላበትን፣ ወደ ታች ደግሞ ጥቁር ቀይ የሆነበትን ያገኛል። ማስቀመጫውን ዞር ባደረጉት ቁጥር ሌላ ዕቃ ያዩ ይመስላል። እኔ ውበቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ እያንዳንዱ ጎን እቶኑ ውስጥ የደረሰበትን ለየብቻው ይናገራል።

አፈሩ ሂዮሴ ይባላል። የሚወጣው ከኢንቤ አካባቢ የሩዝ ማሳዎች ሥር፣ ጥቂት ሜትሮች ተቆፍሮ ነው። ብረት የበዛበት፣ ደቃቅና የሚለጠጥ አፈር ሲሆን የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪትም አለበት። እንደወጣ አይሠራበትም፤ ዝናብና ፀሐይ እንዲፈራረቁበት ደጅ ይከማቻል፣ ከዚያ ይጣራል፣ ይረግጡታል፣ እንደገና ያሳድሩታል። ይህ ሁሉ ዓመት ወይም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሂዮሴ ሲደርቅና ሲተኮስ ብዙ ይኮማተራል፤ ስለዚህ መስታወታማ ልባስ ቢደረግለት ልባሱ ይላቀቃል። ድንገተኛ ሙቀትንም አይችልም፤ እሳቱ ቀስ እያለ ካልጨመረ ይሰነጠቃል። ቢዜን ያለ ልባስ የቀረውና በዝግታ የሚተኮሰው እንግዲህ አፈሩ ስላስገደደ ነው። ኋላ ሰዎች ውበት ብለው የወደዱት መልክ የተገኘው ከዚህ ግዴታ ነው።

ሠሪው ትንንሹን ዕቃ በሚሽከረከር ጠፍጣፋ ገበታ ላይ ያወጣዋል። ትልቁን ግን ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡሎ ቀለበት በቀለበት ላይ እየደረበ ይገነባዋል፣ ከዚያም ያስተካክለዋል። የአበባ ማስቀመጫው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ጋ ትንሽ የጠበበ ነው፤ አንዳንዱ አንገቱ አጠገብ ሁለት ጆሮ አለው። በጭቃ ቢላ የተቆረጠ ጎን ወይም የጣት አሻራ ቢኖርበት አይደበቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ የእቶኑ ነው። የተለመደው እቶን ኖቦሪጋማ ይባላል፤ በተዳፋት ላይ ሽቅብ የተሠራ፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። ማገዶው ሙጫ የበዛበት ቀይ የፓይን እንጨት ነው። እሳቱ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይነዳል፣ ሙቀቱም ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ሠሪዎቹ ተራ ገብተው ያድራሉ፤ የነበልባሉን ቀለም እያዩ እንጨት ይጨምራሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላም እቶኑ እስኪበርድ ቀናት ይጠበቃል። በችኮላ ከተከፈተ የወራት ልፋት ተሰንጥቆ ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚሠራ አንድ ሠሪ እቶኑን የሚያነደው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው።

ሠሪው መልኩን አይቀባውም ስንል እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል ማለታችን አይደለም። የእሱ ብሩሽ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። እሳቱ ፊት ለፊት የቆመ ዕቃ ላይ የእንጨቱ አመድ ያርፍበታል፤ አመዱ ከሙቀቱ የተነሣ ይቀልጥና ብጫማ ነጠብጣብ ይሆናል። ጃፓኖች ይህን ጎማ ይሉታል፤ በቋንቋቸው ሰሊጥ ማለት ነው፣ በእርግጥም ሰሊጥ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍምና አመድ ውስጥ ተቀብሮ የቆየው ዕቃ ደግሞ አየር ስለሚያጥረው ግራጫ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ይህኛው ሳንጊሪ ነው። በዕቃው ላይ ሌላ ትንሽ ዕቃ ተደርቦ ከተተኮሰ የተሸፈነው ቦታ ክብ ቀይ ምልክት ይዞ ይወጣል፤ ከሩዝ የሚሠራ አንድ ጣፋጭ ስለሚመስል በዚያው ጣፋጭ ስም ቦታሞቺ ተብሏል።

ከሁሉ ግን ልብ የሚነካው ሂዳሱኪ ነው። ዕቃዎቹ እቶን ውስጥ እንዳይጣበቁ ድሮ በመካከላቸው የሩዝ ጭድ ይደረግ ነበር። ጭዱ ተቃጥሎ ሲጠፋ የነካው ቦታ ሁሉ ደማቅ ቀይ መስመር ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው፦ ጭዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከአፈሩ ማዕድናት ጋር ሲዋሐድ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ቀይ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ጭዱ የሚጠመጠመው ለመልኩ ሲባል ነው፤ ዕቃውም አመድ እንዳይነካው በሌላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይተኮሳል። በነጣ አፈር ላይ የተዘረጉት እነዚያ ቀይ መስመሮች የማንም እጅ ሊሥላቸው የማይችል ቅለት አላቸው።

የሙያው ሥር ሱዌ ከሚባለው ጠንካራ ግራጫ ሸክላ ይመዘዛል፤ ያ ጥበብ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኮሪያ ልሳነ ምድር ወደ ጃፓን የተሻገረ ነው። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ቢዜን የራሱን መልክ ያዘ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን የሚሠራው ጋን፣ የዘር ማስቀመጫና መፍጫ ሳህን ነበር፤ የገበሬ ቤት ዕቃ ነው። ቢዜን ከሺጋራኪ፣ ከታምባ፣ ከኤቺዜን፣ ከሴቶና ከቶኮናሜ ጋር ከስድስቱ ጥንታዊ የጃፓን የሸክላ ማዕከላት አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስድስቱም በ2017 የጃፓን ቅርስ ተብለው በአንድነት ተመዝግበዋል።

የገበሬውን ዕቃ ወደ ክብር ቦታ ያመጡት የሻይ ሰዎች ናቸው፤ ሻይ አዘጋጅቶ ለእንግዳ ማቅረብን እንደ ሥርዓትና እንደ ጥበብ የያዙት ማለት ነው። ከዚያ በፊት መሳፍንቱና መነኮሳቱ ለአበባ የሚመርጡት ከቻይና የመጣ ነሐስና አረንጓዴ ሸክላ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሻይ ሊቅ ሙራታ ጁኮ ለደቀ መዝሙሩ በጻፈው ደብዳቤ የቢዜንና የሺጋራኪን ዕቃ ያነሣል፤ የሚያነሣውም ጀማሪዎች እነዚህን ይዘው እንደ በሰለ ሰው መታየታቸውን ለመንቀፍ ነው። ከዚህ ተግሣጽ የምንረዳው ዕቃው ያን ጊዜውኑ ተፈላጊ መሆን መጀመሩን ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴን ኖ ሪኪዩ የተባለው የሻይ ሊቅ ትንሿን፣ ጸጥ ያለችውን የሻይ ክፍል ሲያጸና ልባስ አልባው ሸክላ ቦታውን አገኘ። ያን ውበት ጃፓኖች ዋቢ ይሉታል። ከእኛው ዋቢ ጋር በድምፅ ብቻ ይገጣጠማል፤ የእነሱ ዋቢ በጎደለውና ባልተኳለው ነገር ውስጥ የሚገኝ ጸጥታ ነው። ከሺጋራኪና ከኢጋ የሚመጡ፣ ቁጢጥ ያለ ሰው የሚመስሉ ትንንሽ ማሰሮዎችም የእህል ዘር መያዣ መሆናቸው ቀርቶ የሻይ ክፍል አበባ ይዘው ቆሙ።

ከዚያ ዘመን በኋላ ገበያው ወደ ነጩ ሸክላ አዘነበለ። ቢዜን በትንንሽ ምስሎች ሥራ ቆየ፤ ዘመናዊነት ሲመጣ የፍሳሽ ቱቦና ጡብ ሠራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲያጥር የሸክላ የእጅ ቦምብ እስከ መሥራት ደረሰ። ሙያውን ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንፈሱ የመለሰው ካኔሺጌ ቶዮ ነው (1896–1967)። ምስል በመሥራት የታወቀ ሰው ነበር፤ ያን ትቶ የጥንቱን አፈርና አተኳኮስ መመርመር ያዘ። በ1956 መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ሀብት የሚባለውን ማዕረግ ሰጠው፤ ከቢዜን ሠሪዎች የመጀመሪያው ነው። ፉጂዋራ ኬይ በ1970፣ ያማሞቶ ቶሹ በ1987፣ ፉጂዋራ ዩ በ1996፣ ኢሴዛኪ ጁን ደግሞ በ2004 ተከትለውታል። ከአንዲት ትንሽ ከተማ አምስት ሰው መውጣቱ ያስደንቀኛል። በየዓመቱ በኦክቶበር ኢንቤ የሸክላ በዓል ታከብራለች፤ ሠሪዎቹም ሥራቸውን ለገዢ ያቀርባሉ።

ሻጭ ጋ ሄዶ ማስቀመጫ የሚመርጥ ሰው ሥሩን ገልብጦ ማየት ይኖርበታል፤ የሠሪው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተጭሮ ወይም ታትሞ ይገኛል። ጎኑን በጥፍር ቀስ ብሎ ሲመታው በደንብ የተተኮሰው እንደ ብረት ይጮኻል። ልባስ ባይኖረውም በከፍተኛ ሙቀት ስለጠነከረ ውኃ ይይዛል፤ አዲስ ሲሆን ጥቂት ሊያረጥብ ይችል ይሆናል። በእጅ ሲነካካና ሲታጠብ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ላዩ እየለሰለሰ ቀስ ብሎ ይወዛል።

በሻይ ክፍል ውስጥ የሚደረግለት አበባ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ አንድ ዘለላ ብቻ፣ ያውም ሜዳ ላይ እንደበቀለ ሆኖ የተቀመጠ። የቢዜን ቡናማ ለዚያ ዘለላ አፈር ይሆንለታል፤ ነጭ የካሜሊያ አበባ ወጥ ቀለም ባለው አብረቅራቂ ዕቃ ላይ ስትሆን ጌጥ ትመስላለች፣ በቢዜን ላይ ግን የበቀለች ትመስላለች። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት አስተናጋጁ ማስቀመጫውን ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። የረጠበው ሸክላ ይጠቁራል፣ ሰሊጡ ይበራል፣ ቀይ መስመሩ ይደምቃል። ሻዩ እየተጠጣ ሳለ ውኃው ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ እንግዳው ሊወጣ ሲነሣ መጀመሪያ ካየው ትንሽ የደበዘዘ ማስቀመጫ ያያል።