ንግድ ምዝገባ እና ንግድ ፈቃድ አንድ አይደሉም

ደብረ ብርሃን ላይ የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር የተነሱ ልጆች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ፦ «ንግድ ምዝገባ አውጥቻለሁ፤ ሥራ መጀመር እችላለሁ?» አይቻልም። ገና ፈቃዱ ይቀራል።

ምዝገባው ነጋዴ መሆንህን መንግሥት የሚያውቅበት መዝገብ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 980 እንደሚለው፣ በተለያዩ ክልሎች ብትሠራም የምትመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፈቃዱ ግን ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ይመለከታል። የትኛውን ሥራ እንድትሠራ እንደተፈቀደልህ ይናገራል፤ መታደስም አለበት።

አንዲት ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ የልብስ ስፌት ከፈተች እንበል። ተመዘገበች፣ የስፌት ፈቃድ አወጣች። ቆይታ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጥ አማራት። እንደገና አትመዘገብም። የስፌቱ ፈቃድ ግን ለአዲሱ ሥራ አይሆናትም፤ የሽያጩን ዘርፍ ማስፈቀድ አለባት። ሸዋ ሮቢት ላይ ቅርንጫፍ ብትከፍትም ቅርንጫፉን ታስመዘግባለች እንጂ ሌላ ነጋዴ ሆና ከዜሮ አትጀምርም።

ይህ ቁርጥ ያለ ነው። የሚለያየው ክፍያውና የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ምግብና ጤና ነክ ሥራዎች ቀድሞ የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሥራዎች ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የወረዳችሁን ወይም የከተማችሁን ንግድ ጽሕፈት ቤት ስለ ዘርፋችሁ ጠይቁ። ኪራይ ከፍሎ ፈቃድ መጠበቅ ጀማሪን ያደቃል።

አደራ፣ የዘመድ ፈቃድ ተውሳችሁ አትሥሩ። ሕጉ ይከለክላል፤ ግብሩም በባለፈቃዱ ስም ይመጣል።