የክላትሪን ሽፋን በሕያው ሕዋስ ላይ ሲያድግ እንዴት ይለካል?

በክረምት ከጣና ሐይቅ ወደ ጉማራ ወንዝ ለመራባት የምትወጣ የባርበስ ዓሣ ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ነው። የአስኳሉ ጥሬ ዕቃ የሚሠራው በጉበቷ ነው፤ በደም ተጉዞ ሲደርስ ወደ እንቁላሉ የሚገባው ክላትሪን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ነው። ቶማስ ሮትና ኪት ፖርተር ይህን መሰሉን የአስኳል ቅበላ በ1964 እ.ኤ.አ. በትንኝ እንቁላል ላይ አሳይተዋል፤ በ1976 ደግሞ ባርባራ ፒርስ ለፕሮቲኑ ስሙን አወጡለት።

እያንዳንዱ የክላትሪን አሃድ ሦስት እግር አለው። እግሮቹ እየተቆላለፉ በሕዋሱ ገለፈት ላይ መረብ ይሠራሉ፤ ገለፈቱ ይጎደጉዳል፤ በመጨረሻም ዳይናሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን አንገቱን ቆርጦ ከረጢቱን ወደ ውስጥ ይለቀዋል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረቡን አጥርቶ ቢያሳይም የሚያየው የሞተ ሕዋስ ነው። እድገትን ለመከታተል ክላትሪኑ ላይ የሚያበራ ፕሮቲን ይቀጠላል፤ ሕዋሱም መስታወት ላይ ተለጥፎ ከሥር በሰያፍ ጨረር ይበራል። ጨረሩ ከመስታወቱ ተመልሶ ስለሚነጥር የሚደምቀው 100 ወይም 200 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከብርሃን ማይክሮስኮፕ አቅም በታች ስለሆነ ቅርጹ አይታይም፤ የሚታየው ነጥብ ነው። አዲስ አሃድ በተጨመረ ቁጥር ግን ነጥቡ ይደምቃል፤ ከረጢቱ ሲሄድ ይጠፋል። መለኪያው እንግዲህ ድምቀቱ ነው። እንደ ዓሣ እንቁላል ያለ ወፍራምና በአስኳል የታጨቀ ሕዋስ ለዚህ ዘዴ አይመችም፤ ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ስስ ሕዋሳት ላይ ነው።

የተለመደው ስሌት የነጥቡን ዕድሜ መቁጠር ነው። ለዚህ ግን መነሻውም መድረሻውም መታየት አለበት፤ ሁለት ነጥቦች ከተጠጋጉ ወይም አንዱ ለአፍታ ከደበዘዘ ቆጠራው ይዛባል። እኔ የተሻለ የምለው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ድምቀቱ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ማስላትን ነው። የብዙ ነጥቦች ፍጥነት ሲሰበሰብ ሥርጭት ይሆናል፤ ማለትም የትኛው ፍጥነት ምን ያህል ጊዜ እንደታየ ያሳያል። የገለፈቱ ውጥረት ሲጨምር እድገቱ ስለሚዘገይ ሥርጭቱ ይጠባል፤ ለውጡም በአጭር ፊልም ይለያል።

ውዱ ነገር ማይክሮስኮፑ ነው። የተቀረጸ ፊልም የደረሰው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያለ የባዮሎጂ ተማሪ ትንተናውን በተራ ኮምፒውተር፣ በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞች ሊሠራ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የሚያበራው ፕሮቲን እንዴት እንደገባ ነው፤ ከመጠን በላይ የተመረተ ከሆነ የጉድጓዶቹን ባሕርይ ሊቀይር ይችላልና፣ በሕዋሱ በራሱ ጂን ላይ የተቀጠለ ይመረጣል።