«ቦታ የለም፣ ሞልቷል»፦ ስለ አዲስ ሰፈር ትምህርት ቤቶች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ነሐሴ ሲጋመስ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «ቦታ የለም፣ ሞልቷል።» የካ አባዶ ሂዱ፣ ኮዬ ፈጬ ሂዱ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይ ቦሌ አራብሳ ሂዱ። ወላጅ መሸኛውንና የልደት ሰርተፍኬቱን በፌስታል ይዞ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይዞራል። ለምን እንደሞላ ግን ሁሉም ሰው የራሱ ምክንያት አለው። ታክሲ ውስጥ ይነገራል፣ ቡና ላይ ይነገራል፣ በሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ይነገራል። ከሚነገረው ብዙው ልክ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያሳስተው።

«ሰዉ ዝም ብሎ እየወለደ ነው»

ቁጥሩ ይህን አይልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳስቀመጠው የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነው። የአገር አቀፉ 4.6 ነበር። አዲስ አበባ በራሷ ወሊድ ብቻ ብትቀር ውላ አድራ ሕዝቧ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ዳርቻውን የሞላው ወሊድ ሳይሆን ጓዝ ነው። ዕጣ ደርሶት ከመሀል ከተማ የወጣ አለ። ባለዕጣው ስላከራየው በኪራይ የገባ አለ። ከክፍለ ሀገር የመጣ አለ። በልማት የተነሳም አለ፤ ያኔ ልደታ ሲፈርስ፣ በቅርቡ ደግሞ በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሰው ሲነሳ ልጆቹም አብረው ነው የተነሱት። ስለዚህ በአንድ በኩል የመሀል ከተማ ክፍሎች ይሳሳሉ፣ በሌላ በኩል ዳርቻው ይጨናነቃል። የከተማውን ወንበር በሙሉ ደምሮ «ይበቃል» የሚል ሪፖርት መጻፍ ይቻላል። ወንበሩ ያለው ግን ልጁ የሌለበት ሰፈር ነው።

«የሕዝቡ ቁጥር ከታወቀ የተማሪው ታወቀ»

መጀመሪያ ነገር፣ የሕዝቡ ቁጥርም አልታወቀም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን እየተቆረጠለት ተራዘመ። ዛሬ የምንሰማው ቁጥር ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ የተሰላ ትንበያ ነው። በ1999 ኮዬ ፈጬ እርሻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። አዲስ ሰፈር የሚገባው ሰው ከነባሩ ሰፈር ሰው ጋር በዕድሜ አይመሳሰልም። ብዙው ወጣት ባልና ሚስት ነው። መጀመሪያ የሚጨናነቀው ኬጂው ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንደኛ ክፍል ይጨናነቃል። ያው ልጅ አድጎ ሰባተኛና ስምንተኛ ሲደርስ ኬጂው ፋታ ማግኘት ይጀምራል። እና አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥሮ «ይህን ያህል ክፍል ያስፈልጋል» ማለት አይበቃም። የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ዓመት የሚለው መታወቅ አለበት።

እስቲ በጣት የሚቆጠር ሒሳብ እናስላ። 10,000 ቤት ያለው አንድ ሳይት እንውሰድ። በየቤቱ በአማካይ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ አለ እንበል። 10,000 ተማሪ ማለት ነው። የአንደኛ ደረጃ መስፈርቱ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ስለሆነ 200 መማሪያ ክፍል ያስፈልጋል። አንዱ ትምህርት ቤት 25 ክፍል ቢኖረው ስምንት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ግማሹ ልጅ የግል ቢገባ እንኳ አራት ይቀራል። አሁን ሰፈራችሁን አስቡና ስንት የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳለ ቁጠሩ።

ቆጠራ የለም ተብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አያስኬድም። ጤና ጣቢያው የክትባት መዝገብ አለው። በዘጠነኛ ወሩ የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ሕፃን ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ አንደኛ ክፍል በር ላይ ይቆማል። የልደት ምዝገባም ከ2008 ጀምሮ በየወረዳው አለ። የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ጊዜ አንድ ወረዳ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው። መዝገቡን ለማየት የሚያስፈልገው ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም።

«በጀት ከተገኘ ለመስከረም ይደርሳል»

አይደርስም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ትምህርት በመስከረም። መሀሉ ሁለት ወር ነው፣ ያውም ክረምት። ጭቃው መኪና አያስገባም፣ መሠረት ተቆፍሮ ውሃ ይሞላዋል። ከዚያ በፊት ዲዛይን አለ፣ ጨረታ አለ፣ የጨረታ ቅሬታ አለ። ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ ሐምሌ ላይ በጀት የተያዘለት ትምህርት ቤት ለዚያው መስከረም አይከፈትም፤ ለቀጣዩ ከደረሰም ጥሩ ነው። ነሐሴ ላይ «ቦታ የለም» የተባለው ወላጅ የሚቆጣው ምዝገባ ላይ በተቀመጠችው ጸሐፊ ነው። ውሳኔው የዘገየው ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

«መሬቱ የት ይሄዳል?»

ይሄዳል። እንዲያውም ከሁሉም ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

በእኔ እይታ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። መምህር ዘግይቶም ይቀጠራል። መጽሐፍ ይታተማል። ኮምባይንድ ዴስክ ይገዛል። ሕንፃ በሁለት ዓመት ይቆማል። በሰው ቤት የተከበበ ሰፈር መሀል ግን ሰፊ ግቢ ከየትም አይመጣም።

የሳይቱ ፕላን ሲወጣ ለትምህርት ቤት ተብሎ ቀለም የተቀባ ቦታ አለ። ችግሩ የሚጀምረው «ለጊዜው» በምትባለው ቃል ነው። ለጊዜው የኮንትራክተሩ አሸዋና ብረት ማከማቻ ይሆናል። ኮንትራክተሩ ሲወጣ ለጊዜው ፓርኪንግ ይሆናል። ከዚያ ዳር ዳሩን የኮንቴይነር ሱቅ ይሰለፋል፣ ለጊዜው። ጥግ ላይ የወጣቶች ሼድ ይቆማል። አምስት ዓመት ሲያልፍ ባለሱቁ የግብር ደረሰኝ አለው፣ ደንበኛ አለው፣ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች ሱቅ ነው። አንሳው ቢባል ጥያቄው የእንጀራ ነው። የትምህርት ቤቱ ቦታ በዚህ መሀል አንድም ጉልህ ሌብነት ሳይፈጸም ጠፋ። በእርግጥ ሌብነት የሚፈጸምበትም አለ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። ሕንፃው ገና ባይታሰብም የይዞታ ካርታው በትምህርት ቤቱ ስም ይውጣ። አጥር ይታጠር። እስከዚያው የሰፈር ልጆች ኳስ ሜዳ ይሁን፤ ኳስ ሜዳ ግብር አይከፍልም፣ ካሳ አይጠይቅም። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት በግቢው ስፋት የተደነቀ ይኖራል። መቶ ዓመት አልፎ ግቢው ዛሬም፣ በኮሌጅነት፣ ተማሪ ያስተናግዳል። ያኔ የተከለለ መሬት ነው እስካሁን የሚያገለግለው።

«መሬት ከጠበበ ፎቅ ነዋ»

ፎቅ ይረዳል። ጂ ፕላስ ፎር የሆኑ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አሉ። ፎቅ የሚጨምረው ክፍል ነው፤ ግቢው ያው ነው። ደወሉ ተደውሎ 2,000 ልጅ በአንድ ጊዜ በሁለት ደረጃ ሲወርድ ቆማችሁ እዩ። ታችኛው እርከን ላይ አንድ የመጀመሪያ ክፍል ልጅ የጫማ ክሩን ሊያስር ጎንበስ ካለ ከላይ ያለው ሁሉ ይገፋፋል። ሽንት ቤቱ ጋ ሰልፉ ከዕረፍቱ ይረዝማል። ነባር ትምህርት ቤት ላይ ብሎክ መጨመርም እንዲሁ ነው። አዲሱ ብሎክ የሚያርፈው ልጆቹ ሲሮጡበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ። ኩሽና ይፈልጋል፣ መመገቢያ ይፈልጋል። የድሮ ዲዛይን ይዞ የሚገነባ ሰው ይህን ይረሳዋል።

«ሁለት ፈረቃ ይፈታዋል»

እዚህ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ፈረቃን እርግማን ያደርገዋል። ሌላው ቋሚ መድኃኒት ያደርገዋል።

ፈረቃ መጠባበቂያ ነው። በአንድ ፈረቃ ታቅዶ የተሠራ ትምህርት ቤት ድንገት ሰው ሲፈስበት ወደ ሁለት ፈረቃ ገብቶ ጥቂት ዓመት ይተነፍሳል፣ በዚያ መሀል ሌላ ይገነባል። ችግሩ ከመጀመሪያው በሁለት ፈረቃ ተሰልቶ ሲሠራ ነው። መጠባበቂያው በመክፈቻው ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ 50 የተባለው ክፍል ውስጥ 80 መክተት ብቻ ነው። ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ አምስት ይቀመጣሉ፣ ዳር ያለው በአንድ እግሩ ወለሉን ተደግፎ ይጽፋል። ቤት ውስጥም ጣጣ አለው። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት የሚማር ልጅ ያላቸው፣ ሁለቱም ሥራ የሚውሉ እናትና አባት ልጁን ለማን ይተዉት? ለጎረቤት፣ ለታላቅ እህት፣ አንዳንዴም ለማንም።

«የግል ትምህርት ቤቶች ይሸፍኑታል»

ኬጂ ላይ ብዙ ይሸፍናሉ፣ እውነት ነው። ግን ብዙዎቹ የተከራዩት ቪላ ወይም ሕንፃ ውስጥ ናቸው። አከራዩ ውል አላድስም ካለ መቶ ምናምን ልጅ ክረምት ላይ ሜዳ ላይ ይቀራል። ክፍያው ደግሞ በየክረምቱ ይጨምራል። ኑሮ ሲከብድ ወላጅ መጀመሪያ የሚያወጣው ከግል ትምህርት ቤት ነው። መንግሥት ጋ ምገባ አለ፣ ዩኒፎርምና ደብተር አለ። የግል ድርሻውን እንደ ቋሚ ቆጥሮ ያቀደ ወረዳ በአንድ ክረምት ዕቅዱ ይፈርስበታል።

«ሕንፃው ተመረቀ፣ አለቀ»

ሪባን ተቆርጦ ውሃ ያልገባላቸው ግቢዎች አሉ። ግንባታው ከካፒታል በጀት ነው። የመምህሩ፣ የጥበቃው፣ የጽዳቱ ደመወዝ ከመደበኛ በጀት ነው። ሁለቱን የሚወስነው ጠረጴዛ አንድ ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚማሩ ልጆች አሉ። 60 አንደኛ ክፍል ተማሪ አለ ማለት ሁለት እኩል ክፍል ማለት ላይሆን ይችላል፤ 45 እና 15 ሊሆን ይችላል፣ መምህሮቹም የተለያዩ ናቸው።

«ቅርብ ነው፣ ካርታው ላይ ይታያል»

ካርታው አስፋልት አያሻግርም። በመሀል ስድስት መስመር መንገድ ወይም ድልድይ የሌለው ወንዝ ካለ ለሰባት ዓመት ልጅ ያ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው።

«ሁለተኛ ደረጃው ቆይቶ ይደረስበታል»

ይህ ከሁሉም ቀድሞ መታወቅ የሚችለው ነው። በ2018 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ካለፈ በ2026 ዘጠነኛ ይገባል። ሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው መስፈርቱ። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍትና አይሲቲ ክፍል ሲጨመርበት ከአንደኛ ደረጃው የሰፋ ግቢ ይጠይቃል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ያላችሁ ሰዎች፣ የወረዳችሁን የአካባቢ ልማት ፕላን አሳዩን በሉ። ለሁለተኛ ደረጃ የተያዘው ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ካርታ ወጥቶለት ከሆነ በማን ስም እንደወጣ ጠይቁ። ከዚያ በእግራችሁ ሄዳችሁ ቦታው ላይ አሁን ምን እንደቆመበት እዩ።