ስለ ድረ ገጾች ሊንክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አማካዩን ካወቅን የአንድ ተራ ገጽ ሊንክ ስንት እንደሆነ እናውቃለን»

አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎቹ አልበርት፣ ጆንግና ባራባሺ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን 325,729 ገጾች ሲመረምሩ፣ ወደ ገጾቹ የሚገቡት ሊንኮች ሥርጭት ፓወር ሎው (ቁጥሩ በተወሰነ እጥፍ ባደገ ቁጥር ብዛቱ በቋሚ እጥፍ የሚያንስበት ሥርጭት) ሆኖ አገኙት፤ ኤክስፖነንቱ (የመቀነሱን ፍጥነት የሚወስነው ቁጥር) 2.1 ገደማ ነበር። በዚህ ስሌት የሊንኩ ቁጥር 10 እጥፍ ሲያድግ፣ ያን ያህል ሊንክ ያላቸው ገጾች ወደ 126 እጥፍ ያንሳሉ። አማካዩን ሽቅብ የሚጎትቱት ጥቂት ገጾች ናቸው፤ አብዛኛው ገጽ ከሱ በታች ነው።

«ከየትኛውም ገጽ ተነስተን በ19 ክሊክ የትም እንደርሳለን»

19 ከዚያው ጥናት የወጣ የአማካይ ግምት ነው። የተዘነጋው ነገር ሊንክ አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው፤ እኔ ወደ እናንተ ገጽ ስላገናኘሁ ብቻ ከእናንተ ወደ እኔ መመለሻ ይኖራል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ብሮደርና ባልደረቦቹ ከ200 ሚሊዮን በላይ ገጾችን ሲፈትሹ፣ እርስ በርስ የሚደራረሱት 56 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ። ሌሎች 44 ሚሊዮን ገደማ ወደዚህ እምብርት ያስገባሉ እንጂ ከእምብርቱ አይደረስባቸውም። ሌሎች 44 ሚሊዮን ገደማ ደግሞ ከእምብርቱ ይደረስባቸዋል፣ መመለሻ ግን የላቸውም። በዘፈቀደ ከተመረጡ ሁለት ገጾች ከአንዱ ወደ ሌላው መንገድ የሚገኘው 24 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲገኝም በአማካይ 16 ክሊክ ይፈጃል።

«ፔጅራንክ ሊንክ መቁጠር ነው»

አይደለም፤ ፔጅራንክ (ጎግል ለገጾች ደረጃ ለመስጠት የተነሳበት ስሌት) የሚያገናኘውን ገጽ ነጥብም ይመለከታል። ሦስት ገጾች እንውሰድ። ሀ ወደ ለ እና ወደ ሐ ያገናኛል፣ ለ ወደ ሐ፣ ሐ ወደ ሀ። የተለመደውን 0.85 (ጎብኚ ሊንክ ተከትሎ የመሄዱን ዕድል) ይዘን፣ ለእያንዳንዱ ገጽ 0.15÷3 = 0.05 እንሰጣለን። በዚያ ላይ የሚያገናኘው ገጽ ነጥብ ለወጪ ሊንኮቹ ተካፍሎ በ0.85 ተባዝቶ ይደመራል። ቁጥሮቹ እስኪረጉ ስሌቱን ስንደጋግም ሀ 0.388፣ ለ 0.215፣ ሐ 0.397 ይሆናሉ። ሀ እና ለ የሚገባላቸው አንድ አንድ ሊንክ ነው፤ ሀ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ምክንያቱም ሐ ነጥቡን ሳይከፋፍል ለሱ ብቻ ይሰጣል። ወጪ ሊንክ የሌለው ገጽ ካለ ነጥብ ስለሚያፈስ፣ ወደ ሁሉም ገጾች እንደሚያገናኝ አድርጎ ማስላት የተለመደ ነው።

«በሎግ-ሎግ ግራፍ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ፓወር ሎው ነው»

ሎግ-ሎግ የሚባለው ሁለቱም ዘንጎቹ በሎጋሪዝም የተለኩ ግራፍ ነው፤ በዚህ ላይ የሚታይ መስመር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሎግኖርማልም (ሎጋሪዝሙ ሲወሰድ የደወል ቅርጽ የሚይዝ ሥርጭት) በሰፊ ክልል ቀጥ ብሎ ይታያል፤ በጅራቱ (እጅግ ብዙ ሊንክ ባላቸው ገጾች) በኩል ደግሞ ገጾቹ ጥቂት ስለሆኑ ነጥቦቹ ይበታተናሉ። መስመር በዓይን ከማስመር ይልቅ ሥርጭቱ ከየት እንደሚጀምር መወሰን፣ ኤክስፖነንቱን በማክሲመም ላይክሊሁድ (የተገኘውን ዳታ ይበልጥ ሊያስገኝ የሚችለውን ዋጋ በመምረጥ) መገመት፣ ከዚያ ከሎግኖርማል ጋር ማወዳደር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በተሰበሰቡ 3.5 ቢሊዮን ገጾች ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ፣ ጅራቱ ረጅም መሆኑ ጸና፤ ፓወር ሎው መሆኑ ግን አልጸናም።