ዲፒአይ ምንድን ነው? (እንጨት ላይ ፎቶ በሚያቃጥለው የሌዘር ጨረር ማሽን ላይ ማለቴ ነው)

ዛሬም አንዱ ልጅ ዋንዛ ጣውላ ላይ የሰራው ፎቶ ጭልም ብሎበት ምን ላድርግ ብሎ ቢጠይቅ «ዲፒአይውን 1000 አድርገው፣ ጥራት ይጨምራል» ተባለ። ኧረ ተዉ! ጣውላ እኮ በገንዘብ ነው የሚገዛው።

ሌዘር ላይ ዲፒአይ የፎቶው ጥራት አይደለም፣ ጨረሩ እየተመላለሰ ሲያቃጥል በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት መስመር ያሰምራል ነው በቃ። እንደ እርሻ እዩት። ማረሻው የሚገለብጠው ስፋት የታወቀ ነው፣ ትልሙን ስላጠጋጋችሁት ማረሻው አይቀጥንም፣ ያንኑ አፈር ደግማችሁ ነው የምታርሱት። ለጤፍ መሬት ደጋግሞ ማረስ ደግ ነው፣ እንጨት ላይ ግን የድጋሚ እርሻ ትርፉ ከሰል ነው።

ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ የጨረራችሁ ነጥብ 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ 254 ዲፒአይ ላይ መስመሮቹ ጎን ለጎን ገጥመዋል። 1000 ስትሉት ርቀታቸው 0.025 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ያው ቦታ አራቴ ይቃጠላል፣ ሰዓቱም አራት እጥፍ፣ ግራጫ መሆን የነበረበት ጉንጭ ጠቁሮ ከፀጉሩ ጋር ይቀላቀላል።

«እኔ 600 ላይ ሰርቼ አምሮልኛል» ላልከው ወንድሜ፣ አምንሃለሁ፣ ግን ወይ ነጥብህ ትንሽ ነው ወይ ፓወር ቀንሰሃል ወይ ስፒድ ጨምረሃል፣ እሱን ለልጁ ሳትነግረው ቁጥሩን ብቻ ሰጥተኸው ሄድክ።

ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ ተጨምቆ የሚሰራው ሰሌዳ) ላይ የሰራ ሴቲንግም ቀጥታ ወደ ጣውላ አይወሰድም። ኤምዲኤፍ ሁሉ ቦታው አንድ ነው፣ ፓይን እንጨት ላይ ግን በቀለበቶቹ መሀል ያለው ለስላሳው ክፍል በጥልቀት ይበላና ጠንካራው መስመር ጎልቶ ይቀራል፣ ያንን የትኛውም ዲፒአይ አያስተካክለውም። ወይራ ደግሞ ሌላ ነው፣ የራሱ ጥቁር መስመር ስላለው ስስ ፎቶ ይውጥባችኋል፣ ጽሁፍና ወፈር ያለ ስዕል ነው የሚያምርበት። (ኤምዲኤፍ ሙጫ ስላለው ጭሱን በደንብ ወደ ውጪ አስወጡ፣ ቤት ውስጥ አትተንፍሱት።)

ቁጥር ከሰው አትዋሱ። ከዛው ጣውላ ቁራጭ ላይ በ0.08፣ በ0.1፣ በ0.12፣ በ0.15 ሚሊሜትር የመስመር ርቀት ትናንሽ ካሬ ስሩ፣ ፓወርና ስፒድ ሳትነኩ። መስመሮቹ ተለያይተው መታየት ከጀመሩበት በፊት ያለችው ናት የእናንተ። ፎከሱ ከሳተ ነጥቡ ስለሚሰፋ ጣውላው መጣመሙን መጀመሪያ እዩ፣ ቁራጭ ከሌላችሁ ጀርባው ላይ ሞክሩ።